አልጋ 7 ስም አለው፦ ሆስፒታል ውስጥ ታካሚን እንደ ሰው ለመንከባከብ ዝርዝር መመሪያ

ዋርድ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ተረኛ ስንቀያየር "አልጋ 7 ትኩሳት አለው፣ አልጋ 9 ኦፕራሲዮን እየጠበቀ ነው፣ አልጋ 12 ደግሞ አስቸጋሪ ነው ተጠንቀቁ" ተባብለን ወረቀቷን አጥፈን ወደ ሥራ እንገባለን። ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ሥራው ይበዛል፣ ቁጥር ደግሞ አጭር ነው። ግን በቁጥር የጠራነውን ሰው ቀስ በቀስ በቁጥር ማናገር፣ በቁጥር መንካት እንጀምራለን። ይሄን ጽሁፍ በዋናነት ለነርሶች ነው የጻፍኩት፣ ሐኪሞችም ተማሪዎችም ደም ልትቀዱ የምትመጡ የላብራቶሪ ሰዎችም ታካሚ የምታመላልሱ ፖርተሮችም ተጠቀሙበት፣ ጽዳት ላይ ያላችሁም ጭምር፣ እንደውም አንዳንድ ታካሚ በቀን ውስጥ ከማንም በላይ የሚያየው ክፍሉን የሚያጸዳውን ሰው ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ርኅራኄ ሲባል ብዙ ሰው ስሜት ይመስለዋል፣ ወይ ያለህ ወይ የሌለህ ጸባይ። እንደዛ ቢሆን ኖሮ የሌሊት ተረኛ ላይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ባዶ ነን ማለት ነው። እዚህ የምጽፈው ግን በእጅ፣ በአፍና በወንበር የሚሠሩ ነገሮችን ነው፣ ሙድ ባይኖራችሁም የሚሠሩ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ጊዜ የለንም" የምትለዋንም ቶሎ እንጨርሳት። በ2012 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ፣ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ የተሠራ፣ አንድ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ታካሚዎቹን ሲጎበኝ ግማሾቹን ቆሞ ግማሾቹን ተቀምጦ አናገራቸው። ተቀምጦ የቆየው 1 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ቆሞ ሲሆን እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። ታካሚዎቹ ስንት ደቂቃ ቆየ ተብለው ሲጠየቁ ግን የተቀመጠላቸው 5 ደቂቃ አካባቢ ነው አሉ፣ የቆመላቸው ደግሞ 4 ደቂቃ እንኳን አልሞላም አሉ። ወንበር ስቦ መቀመጥ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? እና ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ተጨማሪ ሰዓት አይጠይቅም፣ ያው የምትገቡበትን ደቂቃ በሌላ መንገድ መጠቀም ነው። ጊዜ የሚፈልጉም አሉ፣ እነሱን ስደርስ እናገራለሁ።

1. በሩ ላይ

እጅን በአልኮል ማሸት በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይፈጃል። ያቺን ሰዓት አታባክኗት፣ እጃችሁን እያሻችሁ የምትገቡበትን ሰው ስም በልባችሁ በሉ፣ ለምን እንደምትገቡ አስቡ፣ ካለፈው ክፍል ይዛችሁት የመጣችሁትን ንዴት እዛው ጣሉት። ካርዱን ከመግባታችሁ በፊት እዩት። አልጋው አጠገብ ቆሞ ወረቀት እያገላበጡ "ምንህን ነበር ያመመህ?" ማለት ለታካሚው "እዚህ ቤት ማንም አያውቅህም" እንደማለት ነው። ስልክ ኪስ ውስጥ፣ ድምፁ ጠፍቶ።

2. ስም፣ ሥራ፣ ምክንያት

ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ይባላሉ፦ "ጤና ይስጥልኝ፣ እገሊት እባላለሁ፣ ነርስ ነኝ፣ እስከ ማታ የማየዎት እኔ ነኝ፣ አሁን የመጣሁት ግፊትዎን ልለካ ነው።" ቀላል ነው አይደል? ግን ተከታተሉ እስቲ ስንቶቻችን እንደምንለው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ኬት ግሬንጀር በ2011 ካንሰር ተገኘባት፣ በ2013 ታማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ከሚመጡት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ማን እንደሆኑ እንኳን ሳይናገሩ ሥራቸውን ሠርተው እንደሚሄዱ አስተዋለች፣ ከባለቤቷ ጋር ሆና ባለሙያዎች መጀመሪያ ስማቸውን እንዲናገሩ የሚጠይቅ ዘመቻ ጀመረች፣ በ2016 ከማረፏ በፊት ዘመቻው ከአገሯ ውጭም ተሰራጭቶ ነበር። ልብ በሉ፣ ሐኪም ነች፣ ሆስፒታል ቤቷ ነው፣ እሷ እንኳን ስም የሌላቸው እጆች ሲነካኳት ከበዳት።

ትናንት ተዋውቀናል ብላችሁ አትለፉት። የተኛ ሰው በቀን ብዙ ፊት ያያል፣ ግማሹ ማስክ ያደረገ ነው፣ እና ትኩሳት ያለበት ሰው አያስታውስም። ድገሙት።

ከዛ "ምን ብዬ ልጥራዎት?" በሉ። እማማ፣ አባባ፣ እናቴ፣ ጋሼ የምንለው በፍቅር ነው፣ ግን ስድሳ ዓመት ያልሞላትን ሴት እማማ ስትሏት ፊቷን እዩት። አንዳንዱ በስሙ መጠራት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ማዕረጉን፣ አንዳንዱ አባቴ ስትሉት ደስ ይለዋል። እስኪነግሯችሁ ድረስ በእርስዎ ጀምሩ፣ ከላይ ወደ ታች መውረድ ይቀላል። የነገሯችሁን ደግሞ ካርዱ ላይ ጻፉት፣ ሁሉም ተረኛ እንደ አዲስ እንዳይጠይቅ።

መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ሙሉ ስም ስትጠይቁ ለምን እንደሆነ አብራችሁ ተናገሩ፣ "ሁሌ የምጠይቅዎት መድኃኒቱ በስህተት ለሌላ ሰው እንዳይሄድ ነው" በሉ። እንደዛ ካላላችሁ "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እዚህ ነኝ ገና ስሜን አታውቁም" ብሎ ይከፋል፣ እውነቱን ነው።

3. ተቀመጡ፣ ጠይቁ፣ ዝም በሉ

ከሦስቱ ከባዱ ዝም ማለቱ ነው። በ1984 አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ጥናት ሐኪሞች ታካሚው መናገር ከጀመረ በአማካይ 18 ሰከንድ ላይ ያቋርጡት ነበር፣ በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 11 ሰከንድ አካባቢ አገኘ፣ ተሻሻልን ስንል ባሰብን። የሚያስፈራን ከተውነው ሲያወራ ያመሻል ብለን ነው። በ2002 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ይሄንኑ ለካ፣ ሐኪሞቹ ታካሚው ራሱ እስኪጨርስ እንዳያቋርጡ ተነገራቸው፣ በአማካይ የፈጀው 92 ሰከንድ ነው፣ አብዛኛው ሰው በ2 ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ ነበር። 2 ደቂቃ! ካርድ ፍለጋ ከዚህ በላይ እናባክናለን እኮ።

እንዴት ይደረጋል፦ ዓይናችሁ ከታካሚው ዓይን እኩል እንዲሆን ተቀመጡ፣ ወንበር ከሌለ በርከክ በሉ፣ አልጋው ላይ መቀመጥ ካለባችሁ አስፈቅዱ (የሆስፒታላችሁ የኢንፌክሽን መከላከያ ሕግም ይፍቀድ)። ሰፋ ያለ ጥያቄ ጠይቁ፣ "ሌሊቱ እንዴት ነበር?" በሉ። "ደህና ነዎት አይደል?" ጥያቄ አይደለም፣ አዎ በሉኝና ልሂድ ማለት ነው፣ ሰዉም ገብቶት አዎ ይላል። ሲያወራ ካርድ ላይ አትጻፉ፣ መጻፍ ግድ ከሆነ "እንዳልረሳው ልጻፍ" በሉ። ሲጨርስ የሰማችሁትን በአጭሩ መልሱለት፣ "ሕመሙ ቀንሷል፣ ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎዎታል፣ ትክክል ነኝ?" በሉት። ከዛ "ሌላስ?" በሉ። ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከሌላስ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ሰው የሚያፍርበትን ወይ የሚፈራውን ነገር አስቀድሞ አይናገርም።

4. ለእሱ ዋናው ነገር ምን እንደሆነ እወቁ

ሰውን ያማከለ እንክብካቤ የሚለው ስም እዚህ ጋ ነው ትርጉም የሚያገኘው። ምርመራው ምን እንደሆነ እናውቃለን፣ ሰውየው ግን በዚህ ሕመም ውስጥ ምን እንደሚያሳስበው ካልጠየቅን አናውቅም። ጥያቄው አንድ ነው፦ "ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚያሳስብዎት ምንድነው?" ወይ ደግሞ "ስለ እርስዎ ምን ባውቅ በደንብ ልንከባከብዎት እችላለሁ?"

ለምሳሌ ልብ ድካም ያለበት ሽማግሌ ሽንት የሚያሸናውን ክኒን አልወስድም ይላል እንበል። ካርዱ ላይ "መድኃኒት እምቢ ብሏል" ተብሎ ይጻፋል፣ በቀጣዩ ቀን ራውንድ ላይ (ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ ሲያዩ) ሐኪሙ ይቆጣዋል፣ አሁንም እምቢ ይላል፣ ከዛ "አስቸጋሪ" የምትለዋ ስም ትለጠፍበታለች። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢጠይቀው ሽንት ቤቱ ሩቅ እንደሆነ፣ ጠዋት ልጆቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ፊታቸው ልብሱ ላይ እንዳያመልጠው እንደፈራ ይናገር ነበር። መፍትሄው ምክር አይደለም፣ ዩሪናል (አልጋ ላይ ሆኖ የሚሸናበት ዕቃ) አጠገቡ ማድረግና የክኒኑን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ማንቀሳቀስ ነው። እምቢታ ስታዩ ሁሌ ከኋላው ምክንያት አለ ብላችሁ ጀምሩ፣ ፍርሃት፣ ሀፍረት፣ የገንዘብ ጭንቀት፣ ከዚህ በፊት የደረሰበት ነገር። ምክንያቱን ሰምታችሁም እምቢ ሊል ይችላል፣ አቅሙ ያለው ሰው ተረድቶ እምቢ ካለ መብቱ ነው፣ የእናንተ ሥራ የሚያስከትለውን ነገር በደንብ እንዲያውቅ ማድረግና በሩን ክፍት መተው ነው።

መልሱን አልጋው አጠገብ ያለች ትንሽ ሰሌዳ ወይ የነርስ ኖት ላይ አስፍሩት። "ቀኝ ጆሮው አይሰማም፣ በግራ በኩል ያናግሩት" ወይም "ጨለማ ትፈራለች፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው መብራት አይጥፋ" አይነት። ሰሌዳው ላይ ግን ምርመራውንም ሆነ ሰው ፊት የማይወራ ነገር አትጻፉ።

5. ከመንካት በፊት

መጋረጃ ዝጉ፣ ሙሉ በሙሉ ዝጉ፣ የእግር በኩል ያለችው ክፍተት ሁሌ ትረሳለች። ምን ልታደርጉ እንደሆነ፣ ምን እንደሚሰማው፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ንገሩና ፈቃድ ጠይቁ፣ መልሱንም ጠብቁ እንጂ "ልወጋዎት ነው እሺ" እያሉ መርፌውን ማስገባት ፈቃድ አይባልም። የምትሠሩበትን ቦታ ብቻ ግለጡ፣ ሌላውን በአንሶላ ሸፍኑ። እጃችሁ ቀዝቃዛ ከሆነ አሙቁት። የሚያም ነገር ከሆነ ያማል በሉ፣ "ምንም አይልም" ብላችሁ ካመመው ቀጥሎ የምትሉትን አያምንም። ማቆሚያ ምልክት ስጡት፣ "እጅዎን ካነሱ አቆማለሁ" በሉ፣ ሲያነሳም አቁሙ። ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የምትገባዋ ቀጭን ቱቦ) ሁለቴ ሞክራችሁ ካልገባ ሌላ ሰው ጥሩ፣ ይሄ የብቃት ጉዳይ አይደለም፣ የሰውየው ክንድ ነው።

ተማሪዎች ካሉ "እነዚህ ተማሪዎች ናቸው፣ ቢቆዩ ይከፋዎታል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ብትችሉ እነሱ ሳይገቡ በፊት፣ ምክንያቱም አስር ሰው ከቦት ቆሞ እያለ ማንም እምቢ አይልም። ራውንድ ላይም ታካሚው እግር ስር ቆሞ በላዩ ላይ በእንግሊዝኛ መወያየት የተለመደ ነው፣ የሱ ጉበት፣ የሱ ውጤት፣ እሱ ግን የሚሰማው የራሱን ስም ብቻ፣ አንዳንዴም የአንድ አስፈሪ በሽታ ስም (የጠረጠራችሁትና ውድቅ ያደረጋችሁት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ግን በምን ያውቃል)። ወይ ውጭ ተወያዩ ወይ አሳትፉት፣ ስትጨርሱም አንድ ሰው ቀርቶ በሚገባው ቋንቋ ያስረዳው።

6. ሕመም፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት

ትልቁ ርኅራኄ እዚህ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ፣ ማንም ፎቶ የማያነሳው ቦታ። በ2013 እንግሊዝ ውስጥ ሚድ ስታፎርድሻየር በሚባል ሆስፒታል ጉዳይ የወጣው የምርመራ ሪፖርት 290 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት፣ ለዓመታት ከተፈጸሙት በደሎች መሀል የረቀቀ የሕክምና ስህተት ያልሆኑ ብዙ ናቸው፣ ምግብና ውሃ ታካሚው እጅ በማይደርስበት ቦታ መቀመጡ፣ ሽንት ቤት ውሰዱኝ ያለ ሰው ሳይደረስለት መቅረቱ፣ በቆሸሸ አንሶላ ላይ መተው። ሠራተኛ ተቀንሶ ነበር፣ አመራሩም ዓይኑ የበጀትና የኢላማ ቁጥሮች ላይ ነበር።

ስለዚህ በየሰዓቱ ወይ በየሁለት ሰዓቱ ስትዞሩ አራት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ያምዎታል? አተኛኘትዎ ይመቻል? ሽንት ቤት ይፈልጋሉ? የሚፈልጉት ነገር ሁሉ እጅዎ ጋ አለ? አራተኛዋን በዓይናችሁም አረጋግጡ፣ ውሃ፣ መጥሪያ ደወል፣ መነጽር፣ ስልክ። ቀድማችሁ ስትዞሩ የደወሉ ጥሪ ይቀንሳል፣ ብቻውን ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ የሚወድቅም ይቀንሳል፣ እና ጊዜ ይበላል ያልነው ነገር ጊዜ ይመልሳል።

ሕመምን በተመለከተ፣ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁና የነገሯችሁን እመኑ። "8 ያለው ሰው እየሳቀ ስልክ ያወራል" የምትል ወሬ አለች፣ ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው እያመመው መሳቅ ይማራል እኮ። ማስታገሻ ከሰጣችሁ ተመልሳችሁ ጠይቁ፣ በደም ስር ከሆነ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በአፍ ከሆነ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይታችሁ። የማይናገር ሰው ከሆነ ደግሞ አተነፋፈሱን፣ የሚያሰማውን ድምፅ፣ ፊቱን፣ ሰውነቱ መወጠሩን እዩ፣ ስታባብሉት መረጋጋት አለመረጋጋቱንም እዩ፣ የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀው መለኪያ የሚያየው እነዚህኑ አምስት ነገሮች ነው። የሚያውቀው አስታማሚ ካለ ጠይቁት፣ "ሲያመው ምን ያደርጋል?" በሉት።

ቤድፓን (አልጋ ላይ ሆኖ የሚጸዳዱበት ዕቃ) የሚጠቀም ሰው ሲጨርስ ቶሎ ተመለሱ፣ እጁን አስታጥቡት፣ ሽታውን በፊታችሁ አታሳዩ። ስታጥቡ ራሱ ማጠብ የሚችለውን ቦታ ጨርቁን ስጡትና ራሱ ይጠብ፣ ፊቱንና ብልቱን በራሱ እጅ ማጠብ ለብዙ ሰው የመጨረሻዋ ክብሩ ነች።

ሌሊት። የዓለም ጤና ድርጅት የ1999 መመሪያ በታካሚ ክፍል ውስጥ የሌሊት ድምፅ 30 ዴሲቤል ገደማ እንዲሆን ይላል፣ ሹክሹክታ ማለት ነው፣ የኛ ጋሪ ብቻዋን ስንት እንደምታሰማ እናውቃለን። ቢያንስ የሚቻለውን አድርጉ፣ የሞኒተር አላርም ከታካሚው ጋር በሚሄድ መጠን ይስተካከል፣ ነርስ ዴስክ ላይ ሳቅ ይቀንስ፣ የሌሊት ግፊት መለካትና መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲሆን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። በተለይ አዛውንቶች እንቅልፍ ሲያጡ፣ መነጽራቸውና የመስሚያ መሣሪያቸው መሳቢያ ውስጥ ሲቀር፣ በድንገት ግራ መጋባት ይጀምራሉ፣ ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት። መነጽር ማድረግ፣ ቀን መስኮት መክፈት፣ "ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ሆስፒታል ነው ያሉት" ማለት ሕክምና ነው፣ እንደ ትርፍ ደግነት አትዩት። የጀመረበትን ሰው ግን ለሐኪም ወዲያው አሳውቁ፣ ከኋላው ኢንፌክሽን ወይ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል።

7. ስታስረዱ

ትንሽ ትንሽ ንገሩ፣ በየመሀሉ ቁሙ። "ገባዎት?" አትበሉ፣ ሁሉም ሰው ገባኝ ነው የሚለው። "በደንብ ማስረዳቴን ልወቅ፣ ቤት ሲገቡ ይሄን መድኃኒት እንዴት ነው የሚወስዱት?" ብላችሁ በራሱ አፍ እንዲናገር አድርጉ፣ ከተሳሳተ ያልተሳካው የእናንተ ማስረዳት ነው፣ በሌላ መንገድ ድገሙት። ቋንቋ ካልተግባባችሁ አስተርጓሚ ፈልጉ፣ ልጅ ለእናቱ እንዲያስተረጉም አታድርጉ፣ በተለይ ስለ ማሕፀንና ስለ መጥፎ ውጤት።

8. መጥፎ ዜና

ይሄኛው ጊዜ ይፈልጋል፣ ኮሪደር ላይ አይሠራም። ዋናውን ዜና የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ ነው፣ ግን ነርስ አብራ ትግባ፣ ምክንያቱም ሐኪሙ ከወጣ በኋላ ጥያቄው ሁሉ የሚመጣው እሷ ላይ ነው። የካንሰር ሐኪሞች በ2000 ያሳተሙት ስፓይክስ የሚባል ባለ ስድስት ደረጃ መንገድ አለ፣ በኛ አባባል እንዲህ ይሄዳል።

ቦታ አመቻቹ፣ በር የሚዘጋ፣ ወንበር ያለው፣ ማን አብሮት እንዲሆን እንደሚፈልግ ጠይቁት። ከዛ ምን እንደሚያውቅ ስሙ፣ "እስካሁን ስለ ሕመምዎ ምን ተነግሮዎታል?" ከዛ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቁ፣ ሁሉን በዝርዝር የሚፈልግ አለ፣ ለልጄ ንገሩልኝ የሚልም አለ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከዛ ማስጠንቀቂያ ስጡና ተናገሩ፣ "የጠበቅነው አይነት ውጤት አይደለም፣ አዝናለሁ" ካላችሁ በኋላ በቀጥታ፣ በአጭሩ፣ "እብጠቱ ካንሰር ነው" በሉ። እብጠት፣ እድገት፣ የሆነ ነገር ምናምን እያሉ መዞር ሰውየውን የባሰ ያስፈራዋል፣ ሲወጣ ምን እንደተባለ አያውቅም።

አምስተኛው ስሜት ነው፣ የምንዘለውም እሱን ነው። ዜናውን ከሰማ በኋላ የምትናገሩት ነገር አይገባውም፣ ስለዚህ ስለ ኬሞ መዘርዘር አትጀምሩ። ዝም በሉ። ዝምታው ረጅም ይመስላል፣ ለእናንተ ነው የሚረዝመው። ካለቀሰ መሐረብ አቅርቡ፣ አታቋርጡት። እና ወዳጆቼ፣ እባካችሁ አይዞህን አታስቀድሟት። አይዞህ ጥሩ ቃል ነች፣ ግን ሰውየው አፉን ሳይከፍት ከመጣች በቃ ጨርስ፣ አታልቅስብኝ ማለት ትሆናለች። "ከባድ ዜና ነው"፣ "ምን እያሰቡ ነው?"፣ "እዚሁ ነኝ" ይሻላል፣ አይዞህ በኋላ ትደርሳለች። ስድስተኛው ቀጣይ እርምጃ ነው፣ ነገ ማን መጥቶ እንደሚያየው፣ በስንት ሰዓት፣ ዛሬ ማታ ቢያመው ምን እንደሚደረግ። ተስፋ ሲጠይቅ የሌለ ነገር አትፈልስፉ፣ "ሕመምዎን እንቆጣጠራለን፣ ብቻዎን አንተውዎትም" እውነት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ካላችሁ ጠብቁት።

ቤተሰብ "እንዳትነግሩት" ካለ አትጣሏቸው፣ የሚከላከሉለት ከፍቅር ነው። ምን እንደፈሩ ጠይቋቸው፣ እንዳትነግሩት ለሚለው ግን ቃል አትግቡ፣ "እሱን ራሱን ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ እጠይቀዋለሁ፣ አልፈልግም ካለ አልጭንበትም፣ ከጠየቀኝ ግን አልዋሸውም" በሉ። አብዛኛው ቤተሰብ ይሄን ይቀበላል።

9. የተቆጣ አስታማሚ

የሚጮህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የፈራ ሰው ነው። "ተረጋጋ" አትበሉት፣ ተረጋጋ ተብሎ የተረጋጋ ሰው አይቼ አላውቅም። ወደ ጸጥታ ቦታ ውሰዱት፣ ተቀመጡ፣ እስኪጨርስ ስሙ፣ ከዛ ያስቆጣውን ነገር በስሙ ጥሩት፣ "ከጠዋት ጀምሮ ውጤት እየጠበቃችሁ ማንም አልነገራችሁም፣ እኔም ብሆን እቆጣ ነበር።" ጥፋቱ የኛ ከሆነ ይቅርታ በሉ፣ "ግን" ሳትጨምሩበት። ከዛ አንድ የምትችሉትን ነገር ከነሰዓቱ ንገሩት፣ "እስከ ስምንት ሰዓት መልስ ይዤ እመጣለሁ" በሉ፣ መልስ ባይኖርም ስምንት ሰዓት ላይ ሂዱና የለም በሉት። ዛቻ ወይ ድብደባ ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ውጡ፣ ጥበቃ ጥሩ፣ ርኅራኄ መመታት አይደለም።

10. የሚዘለሉት ሰዎች

አካል ጉዳት ያለበትን ወይ የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው ትታችሁ አስታማሚውን "ይበላል? ይተኛል?" አትበሉ፣ እሱን ራሱን ጠይቁት፣ ካልቻለ አስታማሚው ይጨምርበት። ራሱን የሳተ ሰው ጋም ስትገቡ ስማችሁን ተናገሩ፣ ልታገላብጡት እንደሆነ ንገሩት፣ የሚሰማ ሊኖር ይችላል፣ በላዩ ላይ ወሬ አታውሩ። ሕፃን ከሆነ በመርፌ ሰዓት ወላጅ ይቀፈው፣ ሦስት ሰው ተጭኖ መያዝ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ራሱን ለመጉዳት ሞክሮ የመጣን ሰው ደግሞ "አልጋ የሚይዝብን" ብላችሁ አትዩት፣ ከሁሉም በላይ ፊታችንን የሚያነብ እሱ ነው።

11. ስትረከቡና ስታስረክቡ

ኤስባር የምንለው የሪፖርት አሰጣጥ (ሁኔታ፣ ታሪክ፣ ግምገማ፣ ምክረ ሐሳብ) ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው የመጣው፣ ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው ድርጅት ነው ለሕክምና ያመቻቸው። ጥሩ ነው፣ አንድ አረፍተ ነገር ጨምሩበት፣ ስለ ሰውየው። "ልጇ ነገ ፈተና አለባት፣ ሐሳቧ እዛ ነው" አይነት። የሚቻል ከሆነ አልጋው አጠገብ ተረካከቡ፣ ታካሚው ይስማ፣ የተሳሳተ ካለም ያርም፣ ሌላ ሰው መስማት የሌለበትን ግን ውጭ ተነጋገሩ። አስቸጋሪ፣ አልቃሻ፣ አይታዘዝም የሚሉ ቃላት ካርድ ላይ አይጻፉ፣ ያያችሁትንና እሱ ያለውን ጻፉ። አንዴ የተጻፈ ስም ከዋርድ ወደ ዋርድ አብሮት ይዞራል።

12. ለኃላፊዎች፣ ለራሳችንም

ሠራተኛው በስድብ ውሎ ታካሚን በክብር ይያዝ ማለት አይሆንም። ብዙ ሰው ከሞተበት ሌሊት በኋላ ማንም "እንዴት ነሽ?" ያላላት ነርስ በሳምንቱ ብትደነዝዝ አይግረማችሁ። ኬን ሽዋርትዝ የተባለ የቦስተን ጠበቃ በሳንባ ካንሰር ታሞ በ1995 ከመሞቱ በፊት የሐኪሞቹና የነርሶቹ ደግነት ምን እንዳደረገለት ጽፎ ነበር፣ በስሙ የተቋቋመው ማዕከል ሠራተኞች ተሰብስበው ስለ ሥራቸው ስሜታዊ ጫና የሚነጋገሩበትን መድረክ አስጀመረ፣ ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች ይካሄዳል። ስለ ምርመራና ስለ መድኃኒት አይወራበትም፣ ምን ተሰማችሁ ነው የሚባለው። ባጀት ከሌላችሁ ክፍል ዝጉና ሻይ ይዛችሁ በወር አንዴ ጀምሩት። ኃላፊ የሆናችሁ ደግሞ ወንበር ግዙ (የምሬን ነው፣ ብዙ ዋርድ ውስጥ ለመቀመጥ ወንበር የለም)፣ የተቀደደውን መጋረጃ ቀይሩ፣ አንድ ነርስ የምትይዘውን ታካሚ ቁጥር ሳታዩ ስለ ርኅራኄ ስልጠና አትጥሩን።

13. ሲወጣ

መውጫ ቀን ሁሉም ይቸኩላል፣ አልጋ ይፈለጋል፣ ቤተሰብ መኪና አቁሟል። ግን ቤት ሲደርስ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ባልተነገረው ነው። የትኛው መድኃኒት ቆመ፣ የትኛው አዲስ ነው፣ የትኛው መጠኑ ተቀየረ፣ በወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉለት፣ በራሱ አፍ አስደግሙት። ምን ምልክት ሲያይ ቶሎ መመለስ እንዳለበት ለይታችሁ ንገሩት፣ "ከባሰብዎት ይምጡ" ብቻ አይበቃም፣ ትኩሳት ነው? ደም ነው? ትንፋሽ ማጠር ነው? ቤት ማን እንዳለ፣ ደረጃ መውጣት እንዳለበት፣ ቁስሉን ማን እንደሚቀይርለት ጠይቁ፣ ማንም ከሌለው ዛሬ ሳይወጣ ሶሻል ወርከር ጥሩ። የቀጠሮው ቀን ላይ መምጣት ይችል እንደሆነም ጠይቁት፣ ካልቻለ አሁኑኑ ቀይሩት። ጥያቄ ቢኖረው የሚደውልበትን ስልክ ቁጥርና የክፍሉን ስም፣ ስልኩ የሚነሳበትን ሰዓት ጭምር ወረቀቷ ላይ ጻፉ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ቁጥሩ ላይ አንዴ ደውሉና የሚነሳ መሆኑን አረጋግጡ።